ቀዳዳ ያለው መቀነት

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር፣ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት በመጣሁበት ጊዜ ነው። ለመጻፍ ብዙ ቀን አስቤ ተውኩት፤ ምክንያቱም ታሪኩ ከእኔ ይልቅ የእናቴ ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ አስፈቀድኳት። «ጻፊው። ግን መቀነቱን ማን እንዳሰረው እንዳትደብቂ» አለችኝ። አልደብቅም። ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ቤታችን አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለ መንደር ውስጥ ነው። እናቴ ዘሀራ በአካባቢው የምትታወቀው በድምጿ ነው። ሠርግ ሲኖር ሴቶቹ ከበሮውን ይዘው የሚጠብቁት እሷን ነበር። እሷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ከጎረቤት መንደር ሳይቀር በቅሎ ልከው ይወስዷት ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ የሽንት ፊኛዋ ላይ ካንሰር ተገኘባት። ሐኪሞቹ ፊኛዋን አወጡትና ከአንጀቷ ትንሽ ቆርጠው ለሽንቱ አዲስ መንገድ ሠሩላት። መንገዱ የሚያበቃው ከእምብርቷ በስተቀኝ፣ ሆዷ ላይ ነው። እዚያ ከእንጆሪ ፍሬ ትንሽ ከፍ የምትል ቀይና እርጥብ ሥጋ ብቅ ብላለች። ሽንቱ በእሷ በኩል እየወጣ ቆዳዋ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ከረጢቱ ሲሞላ ከታች ከፍታ ትደፋዋለች።

እናቴ ያችን ሥጋ «እንጆሪዋ» ብላ ጠራቻት። ቀስ በቀስም ለመደቻት። ከረጢት መቀየር ቻለች፤ ለእያንዳንዱ ሶላት አዲስ ውዱእ እያደረገች መስገድ ቀጠለች። በሽታውም ለቀቃት፣ አልሀምዱሊላህ። በዚያው የሚያበቃ መስሎን ነበር።

በዓመቱ ከእንጆሪዋ ዙሪያ እብጠት መጣ። ስትተኛ ይጠፋል፣ ስትቆም ብቅ ይላል፣ ስትስል ደግሞ ጭብጥ ያክላል። ደሴ ሄደን ሐኪሙን ስንጠይቀው በመውጫው ዙሪያ ያለው የሆድ ግድግዳ ላልቶ አንጀት በዚያ በኩል ወደ ቆዳው ሥር እየገፋ መሆኑን ነገረን። «ቡአ ነው» አላት።

እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችበት። «ቡአ የወንድ አልነበረ እንዴ ዶክተር?»

ሐኪሙ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ለማንም የሚመጣ መሆኑን፣ እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ብዙ ሰዎች ላይ የሚታይ መሆኑን አስረዳት። አሁኑኑ ቢሰፋ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል፣ ካላስቸገረ መጠበቅ እንደሚሻል ነገረን። ከባድ ነገር እንዳታነሳ አስጠነቀቃት። ኃይለኛ ሕመም ወይም ትውከት ከመጣ፣ እንጆሪዋ ከጠቆረች ወይም ሽንቱ ከቆመ ግን ሳንውል ሳናድር እንድንመጣ አሳሰበን።

እናቴን ያስቸገራት ሕመም አልነበረም። እብጠቱ ሲገፋ የከረጢቱ ማጣበቂያ ከቆዳዋ ይነሳል። ድምጿን ከፍ ስታደርግ ደግሞ እብጠቱ ይገፋል። አንድ ቀን ጎረቤት ሠርግ ላይ ዘፈን አወጣች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከረጢቱ ለቀቀ። ከበሮውን መሬት ላይ አስቀምጣ ለማንም ምንም ሳትናገር ወደ ቤት ሄደች። ከዚያ በኋላ ሠርግ አልሄደችም። እቤት ውስጥ እንኳ ስትሠራ ማንጎራጎር ተወች። እኔን ያስፈራኝ ይኼ ነው።

እንግዲህ ጥር ላይ አጎቴ ኡመር ደወለ። አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በላይ ባለው ዳገት ላይ የሚኖር የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ልጁን ሰዓዳን ሊድር ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ስለነበር የተባባሉትን በሙሉ ሰምቻለሁ።

«ያለ አንች ድምፅ ልጄን ከቤት አላስወጣትም» አላት።

«ልጄ ሀያት ትመጣለች፤ እኔ አሞኛል።»

«ሀያት ትዘፍናለች?»

«ሀያትማ ስትዘፍን ሙሽራዋ ራሷ ትሸሻለች።»

አጎቴ ሳቀ፤ እናቴ ግን ስልኩ ሲዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሰዓዳ ስትወለድ የተቀበለቻት እሷ ናት። የስሟን ዘፈን ገና በሕፃንነቷ አውጥታላታለች። እኔም በዚያች ሰዓት፣ ይህችን ሴት ሠርጉ ላይ ማዘፈን አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ። ሰውን ማስደሰት እወዳለሁ፤ እናቴን ደግሞ ከሰው ሁሉ በላይ።

ስልኬ ላይ ፈለግሁ። እንደ እናቴ ዓይነት እብጠት ያለባቸው ሰዎች ሆድን የሚደግፍ ሰፊ ቀበቶ ይታጠቃሉ የሚል አገኘሁ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ሰፊ ቀበቶ ምን ይቸግረናል? መቀነት አለ! እናቴ ከረጢቱን የሚያጠብቅ ነገር ከላይ እንዳታደርግ ነርሷ ስለነገረቻት ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ መቀነት አልታጠቀችም። ይህም ያሳፍራት ነበር። ያለ መቀነት ሰው ፊት መቆም ቀሚስ ጎድሎ እንደመውጣት ይሰማኛል ትል ነበር።

ሐይቅ ከተማ ገበያ ሄጄ ጥለት ያለው ሰፊ አዲስ መቀነት ገዛሁላት። ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን ጠዋት ራሴ አሰርኩላት። ከጡቷ ሥር ጀምሬ እስከ ዳሌዋ ድረስ ደጋግሜ ጠቀለልኩት፤ ከረጢቱን ከሥር አድርጌ አጠበቅሁት።

«ሳይ እስቲ» አልኳት።

ሳለች። ምንም አልወጣም። ደግማ ሳለች። አሁንም ምንም የለም። ተቃቅፈን ሳቅን። ፈተና ላይ ሙሉ ውጤት ያገኘሁ ያህል ኮራሁ። የነርሷ ማስጠንቀቂያ ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ትዝ ብሎኛል፤ ግን ያነበብኩት አዲስ ነገር ከእሱ የሚበልጥ መሰለኝ።

ከሐይቅ ሚኒባስ ይዘን ወደ ውጫሌ ተጓዝን። እናቴ መስኮት ዳር ተቀመጠች። መንገዱን ስናጋምስ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። ዞር ስል ፊቷ ተለዋውጧል። ዓይኗ ወደ ታች፣ ወደ ቀሚሷ ነው። ቀሚሷ ረጥቧል። እርጥበቱ በወንበሩ ላይ እየሄደ ነው።

ከፊታችን የነጠላዋ ጫፍ ወለሉ ላይ የወረደባት ሴትዮ ነበረች። «እንዴ! ማነው ውኃ የደፋ? ነጠላዬ በሰበሰ እኮ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ።

እንዴት እንዳሰብኩት አላውቅም። የውኃ ጠርሙሴን ከቦርሳዬ አወጣሁና ክዳኑን ከፍቼ ጉልበቴ ላይ፣ ወንበሩ ላይና የእናቴ ቀሚስ ላይ ገለበጥኩት። «እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ። ክዳኑ ተከፍቶ ነው» አልኳት።

«ይህን ያህል ደርሰሽ ውኃ መያዝ ያቅትሻል?»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «ተማሪ ናት መሰለኝ። ሐሳቧ ደብተሯ ላይ ነው» አለ። ሁሉም ሳቁብኝ። ተሰድቤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ውጫሌ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ከሚኒባሱ ወረደች። የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው የማያይበት ቦታ። ሱቆቹ ሁሉ ደጃቸው ክፍት ነው፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ኮርቻዎች የተንጠለጠሉበት ጠባብ የእንጨት ቤት አየሁ። ደጁ ላይ መነጽሩን በክር ያሰረ ሽማግሌ ቀይ ጌጥ ያለው ኮርቻ ይሰፋል። በኋላ ስሙ ጋሼ ታደገ መሆኑን አውቀናል።

«አባቴ፣ እናቴ ትንሽ አሟት ነው። ለጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብናርፍ?» አልኩት።

እናቴን አየ፤ የራሰውን ቀሚሷንም አየ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ኮርቻውን አስቀምጦ ተነሳ፤ ከግድግዳው ላይ ሰፊ የኮርቻ ልብስ አውርዶ በሩ ላይ ባሉት ሁለት ሚስማሮች ላይ ሰቀለው። መጋረጃ ሆነ። «ግቡ፣ ቤቱ የናንተ ነው» ብሎ በርጩማውን ወደ ውጭ ወሰደና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

ውስጥ መቀነቱን ስፈታው የሠራሁትን አየሁ። ከረጢቱ ከመቀነቱ ሥር ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ሆኗል። ሽንቱ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ተመልሶ ማጣበቂያውን ገንጥሎታል። ቆዳዋ ቀልቷል። መቀነቱ ሲላላ እብጠቱ ወዲያው ብቅ አለ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያጠበቅሁት። ከላዩ ላይ አሰርኩት» እያልኩ አለቀስኩ።

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል። በይ ውኃ አምጭ።»

ጥግ ላይ የተነጠፈ ቁርበት ላይ ጋደም አለች። እብጠቱ ቀስ እያለ ገባ። ቆዳዋን አጥበን፣ አድርቀን፣ ከጓዟ አዲስ ከረጢት አውጥታ ለጠፈች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል። ተቀያሪ ቀሚሷን ከለበሰች በኋላ ግን ድምጿ ዝቅ አለ። «ለኡመር ደውይለት። መንገድ ላይ አመማት በይው። እኛ እንመለሳለን» አለችኝ።

ስልኬን አወጣሁ። የአጎቴን ስም አየሁት፤ መንካት ግን አቃተኝ። ከተመለሰች ሁለተኛ ከቤት እንደማትወጣ አውቃለሁ።

ያኔ ነው ከመጋረጃው ውጭ የሽማግሌው ድምፅ የተሰማው። ፊቱን አላዞረም።

«እትዓለም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጆሮ መዝጊያ የለውም። ልጅሽ ስትል ሰማሁ። እኔ ስለ ሰው አላውቅም፤ ስለ በቅሎ ግን ልንገርሽ?»

እናቴ ተመለከተችኝ። «ንገረኝ ወንድምዓለም» አለች።

«በቅሎ ጎኗ ላይ ቁስል ወይም እብጠት ካለባት፣ ሞኝ ሰው ከላዩ ጨርቅ ደርቦ ያጠብቅባታል። ያ ይብሳል። ዋናው እሱን አለመንካት ነው። ጨርቁን እዚያ ቦታ ላይ እቀደዋለሁ፤ ዙሪያውን ወፈር አድርጌ እሰፋዋለሁ። ዙሪያው ይይዛል፣ መሐሉ ይተነፍሳል። በቅሎዋም ጭነቷን ይዛ ዳገት ትወጣለች።»

ስልኬ ላይ ያየሁት የቀበቶ ሥዕል ፊቴ መጣ። መሐሉ ላይ ክብ ነገር ነበረው። እኔ ጌጥ መስሎኝ አልፌዋለሁ።

«የኔ በቅሎ ደግሞ ከዚያ ቦታ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎባታል» አለች እናቴ። ድምጿ ውስጥ የሆነ ነገር ሲነቃ ሰማሁ።

«እሱም በቀዳዳው ይውጣና ከውጭ ይንጠልጠል። በቅሎዋ ስትተኛ እብጠቱ ይገባል?»

«ስትተኛ ይገባል። ስትስል ይወጣል። ስትዘፍን ደግሞ ሁሉንም ይጥላል።»

«የምትዘፍን በቅሎ!» አለ ጋሼ ታደገ። «እንዲህ ያለችውንማ እኔም እፈልጋታለሁ።»

እናቴ ሳቀች። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ሁለቱም ስለ በቅሎ ብቻ ነው ያወሩት። እሱ ስለ ሰውነቷ አንድ ቃል አልወጣውም፤ እሷም አልተሳቀቀችም።

እኔ ግን በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛ መሳሳት አልፈለግሁም። ደሴ የምትከታተላትን ነርስ፣ ሲስተር መሠረትን ደወልኩላት። ያደረግሁትን ሁሉ ተናዘዝኩ። አልጮኸችብኝም። ሕመም አለ? ትውከት አለ? ቀለሟ እንዴት ነው? ሽንቱ ይወርዳል? ብላ በተራ ጠየቀችኝ። እንጆሪዋ ቀይ ናት፣ ሽንቱ ይወርዳል፣ ሕመም የለም አልኳት።

«ቀዳዳው ሥጋዋን ፈጽሞ እንዳይነካ፣ የከረጢቱን መሠረትም እንዳይቆነጥጥ። ተኝታ እብጠቱ ከገባ በኋላ ነው የምትታጠቀው። ስትተኛ ትፍታው። ቀለሟ ከተለወጠ ወይም ካመማት ሠርግም ቢሆን ጥላችሁ ኑ። ሰኞ ደግሞ እዚህ አምጪያትና ልየው» አለችኝ። እያንዳንዱን እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት።

ጋሼ ታደገ ለበቅሎ ሆድ ማሰሪያ የሚሆን ወፍራም የጥጥ መታጠቂያ አወጣ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ በክር እየለካሁ፣ ክሩ ላይ ቋጠሮ እያሰርኩ አመጣለት ጀመርኩ። ለቀዳዳው ልክ ከጎረቤት ሻይ ቤት ብርጭቆ ተዋሰ። በብርጭቆው አፍ ዙሪያ ጨርቅ ላይ በከሰል አስምሮ ቆረጠና ሞከርነው፤ ጠበበ፣ የከረጢቱን መሠረት ጫነው። የወተት ኩባያ አመጣ። ልክ ሆነ።

«ለዘፋኟ በቅሎ ቆዳ የሚሆን ለስላሳ ነገር የለኝም። የኔ ዕቃ ለጭነት በቅሎ ነው፣ ይኮሰኩሳል» አለ።

እናቴ አዲሱን መቀነት በመጋረጃው ሥር ገፋ አድርጋ አወጣችለት።

መቀሱን አንስቶ ቆመ። መቀነት አይቆረጥም። ይታጠፋል፣ ይቋጠራል፣ ለልጅ ይተላለፋል እንጅ መቀስ አይነካውም። «እትዓለም፣ ልቁረጠው?» አለ።

የጥለቱን ጫፍ በመጋረጃው ሥር ይዛ ነበር፤ ለቀቀችው።

«ቁረጠው!» አለች።

መቀነቱን ደራርቦ ወደ ቆዳ በሚዞረው በኩል ሰፋው። በቀዳዳው ዙሪያ በአቡጀዴ የተሸፈነ ወፍራም የሱፍ ባና እንደ ቀለበት አዞረበት። ጥለቱ ያለበትን ጫፍ ግን ሳይነካ በውጭ በኩል እንዲታይ አድርጎ ተወው። ወስፌው ሲገባና ሲወጣ ዓይኔን አልነቀልኩም። መሐል ላይ አንድ ሰው መጥቶ «ጋሼ፣ የሙሽራው ኮርቻ ደረሰ?» ብሎ ጠየቀው። ጋሼ ታደገ «ነገ ጠዋት ራሴ አመጣዋለሁ በላቸው። ዛሬ ሌላ በቅሎ ቀደመች» አለው። የቱ ሠርግ ነው ብዬ ስጠይቀው የሰዓዳ ሆኖ አገኘሁት። ያ ቀይ ጌጥ ያለው ኮርቻ የአጎቴን ልጅ የሚወስደው ነው።

«በቅሎ ሲጫኗት ሆዷን ትነፋለች፤ ተንኮለኛ ናት» አለ የመታጠቂያውን ዘለበት ሲያስገባ። «እስክትተነፍስ ጠብቀሽ ነው የምታጠብቂው። ንገሪያት።»

እናቴ ቁርበቱ ላይ ተኛች። እብጠቱ እስኪገባ ጠበቅን። ከረጢቱን በቀዳዳው አሾልኬ አወጣሁ። አየር ወደ ውጭ ስትተነፍስ ዘለበቱን ያዝኩ። ሁለት ጣቴ ከሥሩ እንዲገባ አድርጌ ተውኩት። ተነስታ ቆመች።

«በቅሎዋ ትሳል» አለ ከውጭ።

እናቴ ሳለች።

«ይኼ የድመት ሳል ነው። እንደገና!»

ከት ብላ ሳቀችና ከሳቋ ጋር አጥብቃ ሳለች። እጄን አስጠግቼ አየሁት። አልገፋም። ከረጢቱ በነፃ ተንጠልጥሏል። ሽንቱ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። እናቴ ወደ ታች አየች፣ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ ቀና አድርጋ እልል አለች።

ከዓመት በላይ ያልሰማሁት እልልታ ነው። ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚታጠፍ። ገበያው ውስጥ ሰው ቀጥ አለ። አንዲት ሴት ከየት እንደመጣ ሳታውቅ መለሰችላት።

ጋሼ ታደገ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ይኼ ድምፅ ነው ወደ ቤት ሊመለስ የነበረው?» አለ። ምን እናድርግልህ ብንለው ነገ ሠርጉ ላይ በቅሎዋን አንድ ስንኝ አወድሽልኝ ብቻ ነው ያለን።

ዳገቱን በእግራችን ወጣን። ቀስ እያልን፣ እያረፍን፣ መንገድ ላይ አንዴ ከረጢቱን ደፍተን። ጓዙን በሙሉ እኔ ያዝኩ፤ እናቴ ባዶ እጇን ነበረች። አጎቴ ደጁ ላይ ሆኖ ሲያየን እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

በማግሥቱ ከቀትር በፊት የሙሽራው ወገኖች መጡ። ኮርቻው ስላልደረሰ ሚዜዎቹ ተናደዋል። አንዱ «ሙሽራዋን በባዶ በቅሎ ልንወስድ ነው?» ይላል። በዚህ መሐል ጋሼ ታደገ ኮርቻውን ተሸክሞ እያለከለከ ደረሰ። ለማንም ምክንያት አልሰጠም፤ በቅሎዋን መጫን ጀመረ።

ሴቶቹ ከበሮውን ይዘው እናቴን አዩ። እቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ እንጆሪዋ ቀይ ናት፣ ሁሉም ደህና ነው። ቢሆንም የሚኒባሱ ነገር ዓይኔ ላይ አለ። ያኔ ከረጢቱ የለቀቀው ሁለተኛው ስንኝ ላይ መሆኑንም አልረሳሁም።

እናቴ የዘረጉላትን ከበሮ ለሌላ ሰጥታ ግራ እጇን ጆሮዋ ላይ፣ ቀኝ እጇን መቀነቷ ላይ አደረገች። አወጣች። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ። ሴቶቹ ተቀበሉ። ሁለተኛውን አወጣች፤ ያንንም አለፈችው። ሦስተኛው ላይ ፊቷን ወደ ጋሼ ታደገ አዞረችና እንዲህ አለች፦

«ጠፍሯ የላላባት ቁጭ ያለችው በቅሎ፣
ዳገቱን ወጣችው መቀነቷ ችሎ።»

ሰዉ ሁሉ ስለ ሙሽራዋ በቅሎ የተዘፈነ መስሎት አጨበጨበ። ሚዜዎቹ ኮርቻውን እያዩ ጨፈሩ። ጋሼ ታደገ ልጓሙን እንደያዘ መሬት እያየ ሳቀ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ሰዓዳ ከቤት የወጣችው በእናቴ ድምፅ ነው። በቅሎዋ ከኮረብታው ጀርባ ከታጠፈች በኋላም እናቴ አላቆመችም። በመጨረሻ «በቃ፣ በቅሎዋ ትረፍ» ብዬ ወደ ውስጥ አስገባኋት፤ አስተኝቼም ዘለበቱን ፈታሁላት። ቀሚሷ ደረቅ ነበር።

ሰኞ ደሴ ሄድን። ሲስተር መሠረት መታጠቂያውን ገልብጣ፣ ቀለበቱን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችው። የቀዳዳውን አንድ ጠርዝ ትንሽ እንዲሰፋ አመለከተችን። ከዚያ ሐኪሙን ጠርታ አሳየችው። እሱም እብጠቱን መርምሮ አሁንም ቀዶ ሕክምና እንደማያስፈልጋት፣ ግን ክትትሉ እንዳይቋረጥ ነገረን። ስንወጣ ነርሷ የጋሼ ታደገን ስልክ ቁጥር ጠየቀችኝ። አሁን የሌሎች ሕመምተኞችን ልክ እየወሰደች ትልክለታለች። እሱም በኮርቻዎቹ መሐል የሰው መታጠቂያ እየሰፋ ይሰቅላል። ገበያተኛው ምን እንደሆነ ሲጠይቀው «የዘፋኝ በቅሎ ነው» ይላል አሉ።

እኔ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳነብ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ሥዕሉንም አያለሁ። በሠራሁት ስህተት አሁንም አፍራለሁ። ግን ሳስበው፣ መቀነቱን ባላጠብቀው ኖሮ እናቴ ከቤት አትወጣም፤ በዚያ መጋረጃ ጀርባም አንገባም ነበር። እናቴም እንዲሁ ነው የምትለው፤ እኔን ለማጽናናት ይሁን ከልቧ አላውቅም።

በየሳምንቱ ዓርብ ትደውልልኛለች። ከሰላምታ በፊት የምታደርገው ነገር አለ። ስልኩን ወደ አፏ ታስጠጋና በሙሉ ኃይሏ ትስላለች።

«ሰማሽ?» ትለኛለች።

«ሰማሁ።»

«ወጣ?»

«እኔ ምን አውቄ እማዬ፣ አንች ንገሪኝ እንጅ።»

«አልወጣም!» ትላለች። ከዚያ ትስቃለች፣ ከዚያ እልል ትላለች። የማደሪያ ክፍሌ ልጆች እናቴ ጉንፋን የማይለቃት ሴት ትመስላቸዋለች። እኔ ግን በሳምንቱ ውስጥ ከምሰማው ድምፅ ሁሉ እንደዚያ ሳል የሚያስደስተኝ የለም።